ጥይቷ የምትቆምበት ልክ

የልብስ ማድረቂያ ድራየሩ ውስጥ አንድ ነገር ቋ! ቋ! ይላል። ሳንቲም መስሎኝ ነበር፤ የልጄ የጂንስ ኪስ ሳንቲምና የከንፈር ቅባት አያጣም። በሩን ከፍቼ ልብሱን ሳራግፍ መዳፌ ላይ የወደቀው ግን ቀለህ ነው። ባዶ የጥይት ቀለህ፤ ቢጫ፣ ትኩስ፣ በሳሙና ታጥቦ የሚያብለጨልጭ። ሚኒሶታ፣ አፕል ቫሊ ባለው ቤታችን ምድር ቤት፣ በጠራራ ቅዳሜ፣ የልብስ ቅርጫቱ ላይ ዘፍ አልኩ።

እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን ስናገር አላፍርም። ሃይዌይ ላይ ድራይቭ ሳደርግ እጄን ያልበኛል። አንድያ ልጄ ሜቲ ሻኮፒ ካለው መጋዘን ከሥራዋ ስትመለስ ትንሽ ከዘገየች መስኮቱ ሥር ወዲያ ወዲህ ማለት እጀምራለሁ። አባቷ ካረፈ ወዲህ እሷና እኔ ብቻ ነን። ስለዚህ ቀለሁን እንደያዝኩ መጀመሪያ ያሰብኩት ልጄን ሊገድላት የሚፈልግ ሰው እንዳለ ነው። ቀጥሎ ያሰብኩት እሷ ልትገድለው የምትፈልገው ሰው እንዳለ ነው። እናት ስትደነግጥ ሐሳቧ መንገድ አይመርጥም።

ደረጃውን ወጥቼ ቀለሁን አፍንጫዋ ሥር ደቀንኩት። ቁርሷን እየበላች ነበር። «ማሚ፣ ሪላክስ» አለችኝ አፏ እንደሞላ። «ለአጋዘን ነው። ሃንቲንግ። ዴል እያስተማረኝ ነው።»

ዴል ጎረቤታችን ነው፤ ጡረታ የወጣ የቧንቧ ሠራተኛ፣ በረዶ ሲጥል የእኛንም ደጅ ጠርጎ ምስጋና ሳይጠብቅ የሚገባ ሽማግሌ። ለካ ልጄ ከሐምሌ ጀምሮ የጥንቃቄ ትምህርቱን ጨርሳ፣ ፈቃዷን አውጥታ፣ እሱ ጋራዥ ውስጥ የተተኮሰ ቀለህ እየሞላች የራሷን ጥይት መሥራት እየተማረች ኖሯል። ዴልና ሚስቱ ወደ ሰሜን ካቢን አላቸው፤ አደኑ ሲከፈት ከእነሱ ጋር ልትሄድ ነው። «መጋዘን ውስጥ ሳምንቱን ሙሉ ስካነር ይጮህብኛል» አለችኝ። «ጫካ ውስጥ ግን ማንም አይጠራኝም።» ቀጥላ ያልጠበቅሁትን ተናገረች። «ኖ ካልሽኝ አልሄድም። አይ ሚን ኢት፣ ማሚ።»

ብታኮርፍ ይቀለኝ ነበር። በሩን በላዬ ላይ ብትዘጋ እኔም ጮኼ እገላገል ነበር። እሷ ግን የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆና ነገሩን ሁሉ እጄ ላይ አስቀመጠችው። እሺ ማለትም እምቢ ማለትም የእኔ ሆነ።

ጭንቀቴን ለአልማዝ ነገርኳት። አልማዝ ነርሲንግ ሆም ወጥ ቤት አብራኝ የምትሠራ ጓደኛዬ ናት፤ ልቧ ደግ፣ አፏ ግን ክዳን የለውም። እሑድ ጠዋት ስነቃ የሴቶቹ የቫይበር ግሩፕ በእኔ ልጅ ሲናጥ አገኘሁት። አንዷ «ሚኒሶታም ሽፍታ ወጣላት» ትላለች። ሌላዋ «ዝናር የታጠቀች ሙሽራ ማን ያገባል?» ትላለች። አንዷማ የሚስቅ ፊት ደርድራ «ሽማግሌ የሚልክ ሰው ጥይት የማይበሳው ልብስ ይልበስ» ብላለች። አልማዝ ራሷ ደውላ «ከልክያት እንጂ! ምን ዓይነት እናት ነሽ?» አለችኝ። አንድ ነገር አንገበገበኝ። ልጄን የሚያውቃት የለም፤ ሁሉም ይስቅባታል። በዓይኔ ሳላይ አልከለክልም፣ በዓይኔ ሳላይም አልፈቅድም ብዬ ጃኬቴን ደረብኩና ዴል ጋራዥ ገባሁ።

ጋራዡ የብረት ዘይትና የእንጨት ብናኝ ይሸታል። ሜቲ መነጽር አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅራለች። ባሩድ የሌለበት ቀለህ አፍ ላይ አንዲት ጥይት፣ ተወርዋሪዋ አረር ብቻ፣ ተተክላለች፤ ጥይቷን በጥቁር ማርከር ቀብታታለች። ጠመንጃው ውስጥ አስገባቻት፣ ቀስ ብላ ዘጋች፣ ከፈተች፣ አውጥታ ወደ መብራቱ አስጠጋቻት። ጥቁሩ ላይ እንደ ድመት ጭረት የሚያበሩ ቀጫጭን መስመሮች ወጥተዋል። ዴል ራሱን ነቀነቀ። ሜቲ ልታስረዳኝ ጀመረች፤ የጠመንጃው ጉሮሮ ውስጥ ብረቱ ላይ የተቀረጸ የተጠማዘዘ ክር አለ፣ ጥይቷ ክሩን ከነካች ቀለሙ ይፋቃል፣ ስለዚህ...

«ስለዚህ ትንሽ ወደ ውስጥ ትገፊያታለሽ» አልኳት። «እኛ ማርከር አልነበረንም። በኩራዝ ጭስ ነበር የምናጠቁራት።»

እጇ ቆመ። «ዌይት፣ ማሚ። ዋት?»

ነግሬያት አላውቅም ነበር። እዚህ አገር ሰው ስለ ልጅነቱ ሲያወራ ስለ ብስክሌትና ስለ ውሻ ነው፤ የእኔን ከየት እጀምረዋለሁ?

ያደግሁት ኢሉባቦር ነው፤ ጫካው እስከ ጓሯችን ድረስ በሚመጣበት፣ ዝናብ ከሰው ጋር አብሮ በሚኖርበት አገር። በቤታችን ኦሮምኛ እናወራለን፣ ገበያ ስንወጣ አማርኛ። ሌሎቹ ልጆች በጠጠር ቅልብልቦሽ ሲጫወቱ እኔ አባዬ እርሳስ ሲያቀልጥ መሬት ላይ በሚንጠባጠቡት ድቡልቡል ፍንጣሪዎች እጫወት ነበር። ከጠጠር ይከብዳሉ፣ ሲወረወሩ አይንከባለሉም፣ ስለዚህ ሁልጊዜ አሸንፋለሁ። «የአንቺ ጠጠር ጠንቋይ ነው!» ብለው ያባርሩኝ ነበር። ማታ ስገባ እናቴ እጄን በአመድ ፈትጋ ካላጠበች ምግብ አታስነካኝም።

አባዬ የተተኮሰ ቀለህ እንደገና ይሞላል። ከርከሮና ዝንጀሮ በቆሎውን ስለሚጨርሱት በየማሳው ጠባቂ አለ፤ ጠባቂ ሁሉ አዲስ ጥይት አያገኝምና ባዶውን ይዞ ወደ እኛ ቤት ይመጣል። አንድ ከወይራ የተጠረበ ጉማጅ ነበረን፣ መሃሉ የተበሳ፤ ቀለሁ እዚያ ይቆማል። ጥይቷ አፉ ላይ ትቀመጥና በቀጭን የብረት ቱቦ እየተያዘች በእንጨት መዶሻ ጠቅ ጠቅ ትደረጋለች። ቤቱ ያኔ የሚሸተውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ የኩራዝ ጭስ፣ ሰም፣ የጉሎ ዘይት፣ ከውጭ ደግሞ እርጥብ የበቆሎ አገዳ። አሁንም ልደት ላይ ሻማ እፍ ተብሎ ሲጠፋ፣ ሰው ኬክ ሲቆርጥ፣ እኔ እዚያ ነኝ።

አባዬ የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች የሉትም። አንድ ቀን የላላች ጥይት ሳያውቅ ወደ ቀለሁ ሰምጣ ነበር። ጥይት ጠልቃ ከገባች ባሩዱ ይታፈናል፤ የታፈነ ባሩድ መውጫ ሲያጣ ጠመንጃውን ሰንጥቆ ይወጣል። ወደ ውጭ ከረዘመች ደግሞ የጉሮሮው ክር ነክሶ ይይዛታል፤ ሳትተኮስ ልታወጣት ብትል ቀለሁ ብቻውን ይመጣና ባሩዱ ይፈሳል። ልኩ መሃል ላይ ነው፤ ደግሞ ለየጠመንጃው ይለያያል። የአንዱ ጉሮሮ ያረጀ ነው፣ የሌላው አዲስ። አባዬ ጣቶቹን ካጣ በኋላ መዶሻው ወደ እኔ እጅ መጣ። ጉማጁን እሱ ይይዛል፣ እኔ እመታለሁ፣ ጭሱ ላይ የወጣውን ጭረትም የማየው እኔ ነኝ።

ተኳሿ ደግሞ የአባዬ እህት ነበረች። በእኛ ዘንድ የአባት እህት አዳዳ ትባላለች፤ አዳዳ ጫልቱ። ከባሏ ተጣልታ ወደ እኛ የመጣች፣ ረጅም፣ ሳቋ ከሦስተኛው ጎረቤት የሚሰማ ሴት። የአባዬን ምንሽር ጠመንጃ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ማማው ላይ ስትወጣ ከርከሮው በስሟ የሚያውቃት ይመስለኝ ነበር።

በቆሎው ሊደርስ ሲል የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ደገፋ መጣ። ወንዶቹ ለመንደር ምሥረታ እንጨት ሊቆርጡ ተወስደዋል፤ አባዬ በእጁ ምክንያት ቀርቷል። ደገፋ ሳይቀመጥ ተናገረ። ተኳሽ ወንድ በሌለበት ቤት ያለ ጠመንጃ ለማኅበሩ ገቢ ይሆናል። «አንተ ጣት የለህም» አለው አባዬን። «እህትህ ደግሞ ሴት ናት።»

አዳዳ ከጓሮ ወጥታ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች «ጓድ ሊቀመንበር፣ ከርከሮው የተኳሹን ጾታ ጠይቆ ነው እንዴ የሚሞተው?» አለችው። ከበስተኋላው የቆሙት ጎረቤቶች ሳቃቸውን ዋጡ። አባዬ ግን አልሳቀም። ጠመንጃው ከሄደ ያ ማሳ የከርከሮ ነው፤ ማሳው ከሄደ እስከ መጪው አዝመራ የምንበላው የለንም። እኔም ልጅ ብሆን ይህ ገብቶኝ ነበር፤ የእናቴን ፊት አይቼ።

ደገፋ ሕዝብ ፊት ላለመሸነፍ አንድ ሐሳብ አመጣ። ማሳው ዳር ጉቶ ላይ ቅል ይቀመጥ፣ ጫልቱ ትተኩስ፣ ከመታች ጠመንጃው ይቅር። «ግን በማኅበሩ ጥይት» አለና ከኪሱ አወጣ። ጥይቶቹ ከቀለሁ አፍ ላይ ብዙ ወጥተው የቆሙ ናቸው። በእኛ አገር ብዙ ወንድ ረጅም ቆሞ የሚታይ ጥይት ሩቅ ይሄዳል ብሎ ያምን ነበር፤ ዝናር ላይም ያምራል። አባዬ ጋ መጥተው «ብዙ አትክተታት፣ ቀና ትበል» የሚሉትን ቆጥሬ አልጨርስም። «የእናንተማ አጭር ነው» አለ ደገፋ። «እሱ የዶሮ ማባረሪያ ነው።»

እኔ አንዷን ወስጄ ጫፏን በኩራዝ ጭስ አጠቆርኳት። አዳዳ አፈሙዙን ወደ ባዶው ገደል አዙራ ልታስገባት ስትሞክር አልዘጋ ብሎ ታገላት። «አይገባም» አልኩ። «ለእኛ ጠመንጃ ረጅም ናት። ይነክሳታል።» ደገፋ ቁልቁል አየኝና «ይቺ ጫጩት ናት የምታዝዘን?» አለ። አባዬ ክንዴን ይዞ «ዝም በይ» አለኝ በኦሮምኛ፤ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። የደገፋን ጥይት እምቢ ማለት ያኔ ደገፋን እምቢ ማለት ነው፤ እሱን እምቢ ያለ ሰው ምን እንደሚደርስበት ሁሉም ያውቃል። እኔ ግን ዝም አላልኩም። «አይተኮስም! አውጪው አዳዳ!» ብዬ ጮህኩ።

አዳዳ አየችኝ። ከዚያ ደገፋን አየችው። በመዳፏ ጠፍጥፋ በግድ የዘጋችውን መልሳ ከፈተችው። ቀለሁ ብቻውን መጣ። ባሩዱ ቀሚሷ ላይ እንደ ጤፍ ተንጠባጠበ፤ ጥይቷ እዚያው ጉሮሮው ውስጥ ቀረች። አንዲት አሮጊት «የማኅበሩ ጥይት ቤት ለመደ!» ስትል ሰው ሁሉ ፈነዳ። ደገፋ ፊቱ ጠቆረ። «ነገ ከሰዓት በራሳችሁ ጥይት» አለ። «ከሳታችሁ ጠመንጃውን ብቻ አይደለም የምወስደው፣ ወንድምየውንም ነው።»

ያን ሌሊት እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። ጠዋት አዳዳ በዘንግ የቀረችውን ጥይት ገፍታ አስወጣችና ጠመንጃውን ወለወለች። እኛ በሩ ላይ፣ ፀሐይ በምትገባበት ቦታ፣ ጉማጁን አስቀመጥን። መጀመሪያ ባሩድ በሌለበት ቀለህ እንሞክራለን፣ ልኩ ሲገኝ እውነተኛዋን በዚያው ልክ እንሠራለን። ጠቅ አደረግሁ፣ አጠቆርኩ፣ ሞከርን፤ ጭረት። እንደገና ጠቅ፤ ጭረቱ ቀጠነ። እንደገና፤ ጠፋ። ጥላሸቱ እንደ ሐር ሙሉ ሆኖ ወጣ። ለጥንቃቄ አንዲት የፀጉር ያህል ጨመርኩና መዶሻውን አስቀመጥኩ።

«ጨምሪ» አለኝ አባዬ።

«በቃ፣ አባዬ።»

«ጨምሪ አልኩሽ! እንደ ትናንቱ ብትያዝስ? ከዚያ ሁሉ ሰው ፊት?»

ጭረት የለም፤ ሁለታችንም እናያለን። ግን አባዬ ጥይቷን አልነበረም የሚያየው፣ ደገፋን ነበር የሚያየው። ጣቶቹን የወሰደበት የጠለቀ ጥይት መሆኑን እንኳ ረስቶታል። መዶሻውን ከጀርባዬ ደበቅሁት። በሕይወቴ አባቴን እምቢ ያልኩት ያኔ ነው፤ ጆሮዬ ይግላል፣ እንባዬ ይወርዳል፣ እጄን ግን አልዘረጋም። አዳዳ በሩን ተደግፋ «ልጅቷ በቃ ካለች በቃ ነው» አለች። «ትከሻዬ ላይ ደግፌ የምተኩሰው እኔ ነኝ፤ የምትሰነጠቀው አፍንጫ የእኔ ናት፤ ለቆንጆ አፍንጫዬ እኔ ልወስን።»

አባዬ ጣት የጎደለውን እጁን አገላብጦ አየው። ከዚያ ጉማጁን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ «በእኔ ፍርሃት አትሥሪ» አለኝ። «ባየሽው ሥሪ።»

ከሰዓት በኋላ አዳዳ ተኮሰች። ተራራው መልሶ ጮኸ፤ ቅሉ ጉቶው ላይ የለም። ደገፋ «ነፋስ ነው የጣለው» ሲል ያቺው አሮጊት «እንግዲያው ጓድ፣ ነፋሱን በዘብነት መዝግብልን!» አለችው። ጠመንጃው ቤታችን ቀረ፣ አባዬም ቀረ፣ የዚያን ዓመት በቆሎ እስክንጠግብ በላን። ውሎ አድሮ መንደር ምሥረታው እኛንም ነቅሎ ወሰደን፤ ጠመንጃዎቹም ተሰብስበው ሄዱ። አባዬም አዳዳም አሁን አፈር ለብሰዋል። ያ ከሰዓት ግን የእኛ ነው፣ ማንም ገቢ አላደረገውም።

ይህን ሁሉ ጋራዡ ውስጥ እንደቆምኩ በአማርኛ ተናገርኩ። ሜቲ ለዴል በእንግሊዝኛ እየተረጎመች ነበር፤ መሃል ላይ ግን መተርጎሙን ረስታ እኔን ብቻ ማየት ጀመረች። ሽማግሌው ከዚያ ወዲያ ምንም ሳይገባው በትዕግሥት ቆመ። ስጨርስ ልጄ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ጥይቷን ትንሽ ገፋች፣ ቀባች፣ ሞከረች። ጭረቱ የለም። ቁጥር የሚያሳይ መለኪያ አላቸው፤ ለካች፣ ከመጽሐፋቸው ጋር አመሳከረች፣ ዴልም አይቶ አውራ ጣቱን አነሳ።

አፌ ላይ ምን እንደመጣ ታውቃላችሁ? «ትንሽ ጨምሪ።» የአባዬ ድምፅ፣ ከነመንቀጥቀጡ፣ ከእኔ ጉሮሮ ሊወጣ ነበር። ልጄ ስለተሳሳተች አይደለም፤ ያ የቫይበር ሳቅ፣ ያ «ምን ዓይነት እናት ነሽ» ስለሚጮህብኝ ነው። ከንፈሬን ነከስኩት።

«አንቺ ምን ታያለሽ?» አልኳት።

«ክሊን» አለችኝ።

«እንግዲያው በቃ። ሂጂ።»

ያኔ እኔን ትፈሪያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም፤ ሥራ ስለነበር ተሠራ። የዛሬዋ ልጅ ፈቃድ ጠየቀችኝ፣ መነጽር አደረገች፣ መለኪያ ያዘች፤ እኔም በልጅነቴ ያላገኘሁትን ይህን ሁሉ አይቼ ደስ ሊለኝ ሲገባ ከአባዬ የባሰ ፈራሁ። ያኔ ደገፋ አንድ ሰው ነበር፤ መጥቶ ይሄዳል። ዛሬ ደገፋ ስልኬ ውስጥ ነው፣ ቁርስ ሰዓትም ይናገራል። ቢሆንም ያኔ ከነበረው አንድ ነገር ይናፍቀኛል፤ በሩን ተደግፋ የምትስቅ አዳዳ። ለሜቲ እሷን ማምጣት ስላልቻልኩ እኔው እሷን ለመሆን እየሞከርኩ ነው፤ ሳቁ ገና አልመጣልኝም።

ዓርብ ከሰዓት ሜቲ ብርቱካናማ የአዳኝ ሰደርያዋን ይዛ ከዴልና ከሚስቱ ጋር ወደ ሰሜን ሄደች። ቅዳሜ ጠዋት እኔ ሥራ ገባሁ። ወጥ ቤቱ በእንፋሎት ተሞልቷል፣ አልማዝ ትልቁ ድስት ላይ ቆማለች።

«ሄደች?» አለችኝ ዞር ሳትል።

«ሄደች።»

«ፈቀድሽላት?»

«ፈቀድኩላት።»

«ትንሽም አትፈሪም?»

የያዝኩት ትሪ ላይ ሲኒዎቹ እየተንጫጩ ነው። «አይሰማሽም እንዴ?» አልኳት።

ማማሰያውን አቁማ አየችኝ። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ አልማዝ ማለት እንዲህ ናት። «በይ እጸልይልሻለሁ» አለችኝ። «ይህን ነገር እንድትተወው።»

«አልማዝዬ» አልኳት፣ ትሪውን አስቀምጬ። «በሰላም እንድትመለስ ከሆነ ጸልዪልኝ፣ እግርሽን እስማለሁ። እንድትተወው ከሆነ ግን ሾርባሽን አማስዪ።»